ፊደሉ ለምን ዘገየ?

«ሰላም» ለማለት ሦስት ፊደል ይበቃል። በኮምፒውተር ላይ፣ በላቲን ቁልፎች ድምፁን እየተከተለ የሚጽፍ ሰው ግን አምስት ቁልፍ ይጫናል። የመጀመሪያው ቁልፍ «ስ»ን ያመጣል፤ ሁለተኛው «ስ»ን አንሥቶ በቦታው «ሰ»ን ያኖራል፤ ሦስተኛው «ል»ን ይጽፋል፤ አራተኛው «ል»ን ወደ «ላ» ይለውጣል፤ አምስተኛው «ም»ን ይጨምራል። ለሦስት ፊደል ማሽኑ አምስት ጊዜ ይሥላል፣ ሁለት ጊዜ ያጠፋል። ኮምፒውተሩ ፈጣን ሲሆን ይህን ማንም ልብ አይለውም። ሲዘገይ ግን ጸሐፊው የድካሙን ሁሉ ገመና ያያል፤ ሳድሱ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ ሌላው ይተካል፣ ጣቱም ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ ስክሪኑን ቆሞ ይጠብቃል። የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪ የነበረው ሮበርት ሚለር በ1968 እንደጻፈው፣ ቁልፍ ተጭኖ ፊደሉ እስኪታይ ያለው ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.2 ሰከንድ ማለፍ የለበትም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ መዘግየት በገጠመ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው፦ «ፊደላችን ብዙ ስለሆነ ማሽኑ ከበደው» ይባላል። ክሱ ከኮምፒውተር የቆየ ነው። በእርሳስ ፊደል ዘመን የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ከፊቱ የሚዘረጋው ሳጥን ከላቲኑ ባልደረባው ሳጥን የሰፋ ነበር፤ እጁም ረጅም መንገድ ይሄድ ነበር። የጽሕፈት መኪና በመጣ ጊዜም ከጥቂት ደርዘን የማይበልጡ ቁልፎች ከሁለት መቶ በላይ ቅርጽ እንዲያወጡ ተጠየቁ። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሳሰሉ ሰዎች በሃያኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ የደከሙበት መፍትሔ ፊደሉን ከነቅጥያው ከፋፍሎ በመኪናው ላይ መልሶ መገጣጠም ነበር። ፊደሉ ይቀነስ፣ ይሻሻል የሚለው ክርክር አንዱ መነሻም ይኸው የማሽን ችግር ነው። በእርሳስና በብረት ላይ ክሱ እውነትነት ነበረው። ፊደል ለቃሚው በእርግጥ እጁን ይዘረጋ፣ መኪናውም በእርግጥ ቁልፍ ያጥረው ነበር።

ወደ ስክሪኑ ሲመጣ ግን መዝገቡን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። ላለፉት ሃምሳ ዓመታት ፊደልን በስክሪን ላይ ለማሳየት የደከሙ መሐንዲሶች፣ ጽሑፍ ለምን እንደሚዘገይ ደጋግመው መርምረዋል። በየጊዜው ያገኙት ጥፋተኛም የተለያየ ነው።

የዛሬው የኮምፒውተር መስኮት አያት በ1973 በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል የተሠራው «አልቶ» ነው። ስክሪኑ 606 በ808 ነጥቦች ነበረው። ለእያንዳንዷ ነጥብ በሜሞሪው ውስጥ አንድ ቢት መመደብ ስለነበረበት፣ ሙሉውን ገጽ ለመያዝ 61,206 ባይት ይፈጅ ነበር። የማሽኑ ጠቅላላ ሜሞሪ ደግሞ 128 ኪሎባይት ብቻ ነው። እንግዲህ ከሀብቱ ግማሽ ያህሉን ለስክሪኑ ገጽ የሰጠ ማሽን ነበር ማለት ነው። በዚህ ላይ ፊደልን ነጥብ በነጥብ መቁጠር የማይሞከር ሆነ። መፍትሔውን ዳን ኢንጋልስ በ1975 አመጣው። አንድን አራት ማዕዘን የነጥብ ምስል ከሜሞሪው አንድ ስፍራ አንሥቶ በሌላ ስፍራ ባንድ ጊዜ የሚገለብጥ ትእዛዝ አዘጋጀ፤ «ቢትብሊት» ይባላል። ፊደሉ አስቀድሞ ተሠርቶ ይቀመጣል፣ በተፈለገ ጊዜ ይገለበጣል። የእርሳሱ ፊደል ለቃሚ ሥራ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እጅ ሩቅም ቅርብም ስፍራ ለመድረስ እኩል ጊዜ የሚፈጅበት መሆኑ ነው። በሳጥኑ ውስጥ ሃያ ስድስት ፊደል ቢኖር ወይም ሦስት መቶ፣ አንዱን ለማንሣት የሚወስደው ጊዜ አንድ ነው።

የቀረው ጥያቄ የቦታ ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው። በ16 በ16 ነጥብ የተሠራ ፊደል 32 ባይት ይይዛል። በኋላ በዩኒኮድ መጀመሪያ የተመዘገቡት 345 የግዕዝ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች በዚህ ልክ 11,040 ባይት ይሆናሉ። በዚያው ልክ፣ ዩኒኮድ ገና በጅምሩ የመዘገባቸው 20,902 የቻይና ፊደላት 668,864 ባይት ይጠይቃሉ። ጃፓኖችና ቻይናውያን ይህን ሸክም ተሸክመው ኮምፒውተራቸውን በገዛ ጽሑፋቸው አናገሩት። የግዕዙ 11 ኪሎባይት ግን በ1980ዎቹ የግል ኮምፒውተሮች ላይ ችግር የፈጠረው በክብደቱ አልነበረም። ችግሩ አንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ እንዲኖረው አስቀድሞ የተቆረጠ መሆኑ ነበር፤ ከዚያም ላይ ብዙው ቦታ የተያዘ ነበር። ሞሰቡ ትንሽ የሆነው ላቲኑን ለመያዝ ብቻ ስለተሰፋ ነው።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌር ያዘጋጁ ባለሙያዎች (ማን ማንን ቀደመ የሚለው ክርክር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም) ከዚህ ጠባብ ቤት ጋር በሁለት መንገድ ታገሉ። አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለትና ከዚያም በላይ በሆኑ ፎንቶች ላይ አከፋፈሉት። ሌሎቹ እንደ ጽሕፈት መኪናው ግንዱን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ አድርገው አንዱን በሌላው ላይ እንዲያርፍ አደረጉ። ሁለቱም ሠሩ፤ ጋዜጣና መጽሐፍ አሳተሙ፤ ያለ እነርሱ የዚያ ዘመን የአማርኛ ኅትመት አይታሰብም። ነገር ግን ሁለቱም በፍጥነት ረገድ ዋጋ አስከፈሉ። የስክሪን ሥዕል የሚፈጥነው አንድ ሙሉ መስመር በአንድ ፎንት፣ በአንድ ትእዛዝ ሲላክ ነው። አንድ ቃል ግማሹ ከአንዱ ፎንት ግማሹ ከሌላው ሲሆን፣ ፕሮግራሙ በቃሉ መካከል ቆሞ ፎንት ይለውጣል፣ አዲስ ትእዛዝ ይልካል፣ ተመልሶም ይለውጣል። በቅጥያ በሚሠራው መንገድ ደግሞ አንዱ ፊደል ሁለት ጊዜ ይሣላል። ያን ጊዜ ፊደሉ ከላቲኑ ይዘገይ የነበረ መሆኑ እውነት ነው፤ የዘገየው ግን በመቆራረጡ ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ ለውጥ በዓለም ላይ እየሄደ ነበር። በነጥብ የተሠራ ፊደል መጠኑ ሲለወጥ ይበላሻል፤ ስለዚህ የፊደሉን ቅርጽ በመስመርና በኩርባ ሒሳብ መዝግቦ፣ ነጥቡን እንደ መጠኑ በየጊዜው ማስላት ተመረጠ። የአዶቤ ኩባንያ ፖስትስክሪፕት ይህን በሰፊው አስተዋወቀ። በ1985 የወጣው የአፕል ሌዘርራይተር ፕሪንተር ለዚህ ስሌት ሲባል የተሰጠው ፕሮሰሰር 12 ሜጋኸርዝ ነበር፤ ትእዛዝ የሚልክለት ማኪንቶሽ ግን ከ8 አያልፍም። ሎሌው ከጌታው የበረታ ሆነ ማለት ነው። ይህም ሆኖ ስሌቱን ለእያንዳንዱ ፊደል ደጋግሞ መሥራት አይቻልም ነበርና ፖስትስክሪፕት አንድ ጊዜ ያሰላውን ፊደል በጓዳው ያስቀምጣል፤ ያው ፊደል ሲመለስ ከጓዳው አውጥቶ ያቀርባል። ባለሙያዎቹ ይህን ጓዳ «ካሽ» ይሉታል። የሚቀጥለው ታሪክ ሁሉ በአንድ ወይም በሌላ መልኩ የዚህ ጓዳ ታሪክ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን የኩባንያዎች ጦርነት በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በ1989 ቢል ጌትስ ማይክሮሶፍት ከአዶቤ ይልቅ ከአፕል ጋር እንደሚሰለፍ በሳን ፍራንሲስኮ ጉባኤ ላይ አስታወቀ፤ የአዶቤው ጆን ዋርኖክ በዚያው መድረክ ሐዘኑን መደበቅ አልቻለም። የአፕል ትሩታይፕ በ1991 በማኪንቶሽ፣ በ1992 በዊንዶውስ 3.1 ላይ ወጣ። ለጉዳያችን የሚጠቅመው፣ ትሩታይፕ በእያንዳንዱ ፊደል ውስጥ አነስተኛ ፕሮግራም ማስቀመጡ ነው። ፊደሉ በአነስተኛ መጠን ሲታይ እግሩ ወፍሮ ጎኑ እንዳይቀጥን፣ ይህ ፕሮግራም መስመሮቹን በነጥቦቹ ላይ ያስተካክላል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን ስሌት ነውና ጓዳው ይበልጥ አስፈላጊ ሆነ።

የመዘግየት ምርመራ እጅግ የሚደነቀው ግን በዩኒክስና በሊኑክስ መስኮቶች ታሪክ ነው፤ በዚያ የተሠራው ሁሉ በይፋ ስለተሠራ ጥፋቱም መፍትሔውም ይታወቃል። በ1984 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረው «ኤክስ» የተባለው የመስኮት ሥርዓት፣ በ1987 በወጣው በአሥራ አንደኛው እትሙ ዘላቂ መልኩን ያዘ። ሐሳቡ ስክሪኑን የሚቆጣጠር አንድ ሰርቨር እንዲኖር፣ ፕሮግራሞቹም «ይህን ጽሑፍ በዚህ ፎንት በዚህ ቦታ ጻፍልኝ» እያሉ መልእክት እንዲልኩለት ነው። ፎንቶቹ የሚኖሩት ከሰርቨሩ ዘንድ ነው። ፕሮግራሙ መስመሩን የት እንደሚቆርጥ ለማወቅ የፊደሎቹን ስፋት ማወቅ አለበትና፣ አንድ ፎንት ሲከፍት ሰርቨሩን ስለ ስፋታቸው ይጠይቃል። ሕጉን የጻፉት ሰዎች እዚህ ላይ አንድ ነገር ደነገጉ፤ መልሱ በፎንቱ ውስጥ ያለውን የእያንዳንዱን ፊደል ልክ በሙሉ የያዘ እንዲሆን። ለሁለት መቶ ፊደል ይህ ምንም አይደለም።

ዩኒኮድ ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። የአንድ ፊደል ልክ በዚህ መልእክት ውስጥ 12 ባይት ይይዛል። የዩኒኮድን የመጀመሪያ ገበታ፣ 65,536 ቦታዎቹን በሙሉ የሚሸፍን ፎንት ሲከፈት መልሱ 786,432 ባይት ይሆናል። ባዶ ቦታዎቹ እንኳ ሳይቀሩ ይቆጠራሉ። በገበታው ላይ ያን ጊዜ ለግዕዝ ፊደል የተመደበው 384 ቦታ ነበር፤ ድርሻው 4,608 ባይት። አንድ ሰው አማርኛ ብቻ ሊጽፍ ሲነሣ፣ ከተቀበለው ጭነት ውስጥ የእርሱ የሆነው ከ170 እጅ አንዱ ነበር።

በዚህ አላበቃም። ፎንቱ በኩርባ ሒሳብ የተሠራ ከሆነ ሰርቨሩ ልኩን ለመስጠት ሲል ፊደሎቹን አንድ በአንድ ማስላት ይኖርበታል። ሰርቨሩ ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ስለነበር፣ እርሱ ሺህ የቻይና ፊደላትን ሲያሰላ በስክሪኑ ላይ ያለው መስኮት ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የዩኒኮድ ቅንብር የመረጠ ተጠቃሚ ደግሞ ከአንድ ፎንት በላይ ይጠብቀዋል፤ ፕሮግራሙ ሲነሣ የላቲኑን፣ የጃፓኑን፣ የኮሪያውንና የቻይናውን ፎንቶች እየፈለገ ይከፍት ነበር፤ ግዕዝን የያዘው አጠቃላይ የዩኒኮድ ፎንት ከዝርዝሩ ጭራ ነው። አማርኛ ጸሐፊው የማያነባቸው የሦስት አገር ፎንቶች እስኪከፈቱ ወረፋ ይዞ ቆሟል። ፕሮግራሙ ለምን ዘገየ ብሎ ለጠየቀ ደግሞ ያለው መልስ «ዩኒኮድ ስለመረጥክ ነው» የሚል ነበር።

መጠገኛዎቹ በየፊናቸው መጡ። የፎንት ሰርቨሩን ለትልልቅ ፎንቶች የፊደል ምስል እስኪፈለግ ድረስ እንዳያዘጋጅ የሚያዝ ቅንብር ነበረ። በ2000 በወጣው ኤክስፍሪ86 4.0 ላይ ብሩኖ ሃይብል ያን ግዙፍ መልስ በሽቦ ከመላክ ይልቅ ሰርቨሩና ፕሮግራሙ በጋራ በሚያዩት ሜሞሪ ላይ የሚያኖር ጭማሪ ሠራ፤ ሁለቱ በአንድ ማሽን ላይ ሲሆኑ ብቻ የሚጠቅም። ሁለቱም የሚጥሩት ጭነቱን ለማቅለል ነው። ጭነቱ ለምን ይጫናል ብሎ የጠየቀው ኪት ፓካርድ ነው። በ2000 እና በ2001 በሠራው «ሬንደር» በተባለ ጭማሪና ከእርሱ ጋር በመጣው አሠራር ሥራው ተገለበጠ። ፎንቱን የሚከፍተው ፕሮግራሙ ራሱ ሆነ፤ የሚፈልገውን ፊደል ብቻ ያሰላል፤ ምስሉን ለሰርቨሩ አንድ ጊዜ ይልካል፤ ሰርቨሩም በጓዳው ያኖረዋል። ከዚያ በኋላ የሚላከው የፊደሉ ቁጥር ብቻ ነው። «ሰላም» የሚጽፍ ሰው ለ«ሰላም» የሚያስፈልገውን ብቻ ይከፍላል።

ይኸው ሥራ ግን አዲስ ሕመም ይዞ መጣ። የቀድሞው የኤክስ ፊደል ነጥቡ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ነበር። አዲሱ ጠርዙ የለሰለሰ ነው፤ በፊደሉ ዳር ያሉት ነጥቦች ከመደቡ ቀለም ጋር ይቀላቀላሉ። ለመቀላቀል ደግሞ አስቀድሞ በስክሪኑ ላይ ያለውን ቀለም ማንበብ ያስፈልጋል። የቪዲዮ ካርዶች የተሠሩት እንዲጻፍባቸው ነው፤ ከእነርሱ ማንበብ ግን እጅግ አዝጋሚ ነበር። ስለዚህ ካርዱ ራሱ መቀላቀል በማይችልበት ማሽን ላይ ፕሮሰሰሩ ለእያንዳንዱ ፊደል ወደ ካርዱ ሄዶ ያነባል፣ ይቀላቅላል፣ መልሶ ይጽፋል። ተጠቃሚዎች «የለሰለሰ ፊደል ማሽን ይገድላል» እያሉ ማለስለሱን ያጠፉት ለዚህ ነው። አንዱ መፍትሔ በሐሳብ ደረጃ የሚያስቅ ያህል ቀላል ነበር፦ የስክሪኑን ግልባጭ በፕሮሰሰሩ ሜሞሪ አኑሮ፣ ማንበቡን ከዚያ፣ መጻፉን ብቻ ወደ ካርዱ ማድረግ። ፊደሉ ያው ነው፣ ማለስለሱም ያው ነው፤ የተለወጠው መንገዱ ነው።

ከ2005 በኋላ ካርዶቹ ራሳቸው መቀላቀል እንዲችሉ አዲስ አሠራር ሲገባ፣ አንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ ጽሑፍ ከበፊቱ ይልቅ ዘገየ። ይህ ብዙዎችን ግራ አጋባ፤ ብርቱው ካርድ እንዴት ከፕሮሰሰሩ ያንሳል? ምርመራው የተካሄደው በመለካት ነው። ኤክስ ከጥንት ጀምሮ በሰከንድ ስንት ፊደል እንደተሣለ የሚቆጥር መለኪያ ፕሮግራም አለው፤ የተለያዩ ቅንብሮች እርሱን እያስሮጡ ተነጻጸሩ። የተገኘው ነገር ካርዱ ለመሣል ሰነፍ አለመሆኑን አሳየ። እያንዳንዷ ፊደል ለብቻዋ ምስል ሆና ስለተቀመጠች፣ ለእያንዳንዷ ካርዱን እንደ አዲስ ማሰናዳት ያስፈልግ ነበር። መቶ እንጀራ ለመጋገር መቶ ጊዜ እሳት ማንደድ ማለት ነው። በ2008 ኦወን ቴይለር ፊደሎቹን በአንድ ትልቅ ምስል ላይ ጎን ለጎን አሰባስቦ፣ ካርዱ አንድ ጊዜ ተሰናድቶ ብዙ ፊደል ባንድነት እንዲሥል አደረገ። ምጣዱ ሳይወርድ እንጀራው ይጋገር ጀመር። ዛሬ በካርድ ኃይል ጽሑፍ የሚሥል ፕሮግራም ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ዓይነት የተሰባሰበ የፊደል ምስል ይጠቀማል።

የዚሁ የኦወን ቴይለር ስም በሌላም ጉዳይ ይነሣል፤ ይህኛው ለእንደኛ ዓይነቱ አንባቢ የበለጠ የሚነካ ነው። እርሱና ራፍ ሌቪየን የጀመሩት «ፓንጎ» የተባለ ሶፍትዌር (ስሙ ከግሪክኛው «ሁሉ» እና ከጃፓንኛው «ቋንቋ» የተገጠመ ነው) የዓለምን ጽሑፎች ሁሉ በየሕጋቸው ለማሳየት የታሰበ ነው። የዐረብኛ ፊደል እንደ ጎረቤቱ ቅርጹን ይለውጣል፤ የሕንድ ፊደላት ይጣመራሉ፣ ቦታም ይቀያየራሉ። ፓንጎ ይህን ሁሉ ያሰላል። በ2000ዎቹ አጋማሽ በአንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች ላይ ፋየርፎክስ ከፓንጎ ጋር ተዋሕዶ ሲቀርብ ገጾች በጣም ዘገዩ። ወዲያው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ መድኃኒት ተገኘ፤ ፓንጎን የምታጠፋ አንዲት መስመር ትእዛዝ። በላቲን ለሚያነብ ሰው መድኃኒቱ በእርግጥ ይሠራል። በሒንዲ ለሚያነብ ግን ፊደሉን አፍርሶ ያሳየዋል። ብዙዎች የደረሱበት መደምደሚያ «አስቸጋሪ ጽሑፎችን መደገፍ ፍጥነት ያስከፍላል» የሚል ነበር። በ2008 የወጣው ፋየርፎክስ 3 ሌላ ነገር አሳየ። በአዲሱ ሥራ ፕሮግራሙ አንድን ቃል አንድ ጊዜ ካሰላ በኋላ ውጤቱን በጓዳው ያኖራል። በማናቸውም ቋንቋ ቢሆን ቃላት ይደጋገማሉ፤ በአንድ ገጽ ላይ «ነው» ስንት ጊዜ እንደሚገኝ መቁጠር ይበቃል። ወጪው የፈጠረው ያንኑ ቃል ደጋግሞ ማስላት ነበር።

የግዕዝ ፊደል ከእነዚህ ሁሉ በቀላሉ የሚገላገል መሆኑ የሚገርም ነው። በመስከረም 1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ሲመዘገብ፣ «ለ»ም «ሉ»ም «ሊ»ም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው። ግንዱና ቅጥያው ለየብቻ አልተመዘገቡም። ፊደሉ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ከጎረቤቱ ጋር አይያያዝም፣ ቅርጹን አይለውጥም፣ ቦታ አይቀያየርም። ለማሽን ስሌት ከላቲኑ እምብዛም የተለየ አይደለም። በጽሕፈት መኪና ዘመን እንደ እዳ ይቆጠር የነበረው የሆሄው ብዛት፣ እያንዳንዱ ሆሄ ሙሉ ሆኖ መቀመጡ፣ በስክሪኑ ላይ ትርፍ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ለሰባት ቤት፣ ለጉራጊኛ፣ ለብሌንና ለሌሎችም ቋንቋዎች የሚያገለግሉ ፊደላት እየተጨመሩ ዛሬ በዩኒኮድ ያሉት የግዕዝ ምልክቶች 523 ደርሰዋል፤ በዚህ የተነሣ የዘገየ ኮምፒውተር የለም።

ታዲያ የአማርኛ ጽሑፍ ዛሬም ሲዘገይ ምን ቀረ? የቀረው ፍለጋ ነው። አንድ ፕሮግራም እንዲጠቀም የታዘዘው ፎንት የግዕዝ ፊደል ከሌለው፣ ፊደሉን የያዘ ሌላ ፎንት ለማግኘት በማሽኑ ላይ ያሉትን ይዳስሳል። ካጣ ባዶ ሳጥን ያሳያል። ካገኘም ፍለጋው ዋጋ አለው፤ ፎንቶቹ በበዙ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። የአሮጌ ጽሕፈት ቤትን ኮምፒውተር የከፈተ ሰው፣ በየዘመኑ የተጫኑ የግዕዝ ፎንቶች በደርዘን የሚቆጠሩ ስሞች ይዘው ተደርድረው ያያል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከዩኒኮድ በፊት የነበሩ በመሆናቸው፣ ፊደሎቻቸው በላቲን ቦታ ስለተቀመጡ ለፍለጋው መልስ የላቸውም። በሊኑክስ በኩል ይህን ለማቃለል በ2002 የቀረበው ፎንትኮንፊግ፣ የትኛው ፎንት የትኛውን ፊደል እንደያዘ አስቀድሞ መዝግቦ ያኖራል። መዝገቡን መጻፍ ካልቻለ ግን፣ ዲስኩ ሞልቶ ወይም ፈቃድ ተነፍጎት ከሆነ፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም ሲነሣ ፎንቶቹን ሁሉ እንደ አዲስ ይቆጥራል፤ ተጠቃሚውም ማሽኑ አረጀ ብሎ ያዝናል።

ልምድ ያለው መርማሪ ስለዚህ አስቀድሞ የሚያየው መዘግየቱ መቼ እንደሚደርስ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሣ ብቻ ከሆነ የፎንቶቹ ቆጠራ ነው። አንድ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ዘግይቶ ከዚያ ከፈጠነ ፍለጋው ወይም የመጀመሪያው ስሌት ነው። ገጹ ወደ ላይና ወደ ታች በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚዘገይ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ያለው በሥዕሉ መንገድ፣ በካርዱ ሶፍትዌር ወይም በፕሮግራሙ ነው። በዚህ በመጨረሻው ረገድ የዛሬው ስክሪን ይቅር አይልም፤ 3,840 በ2,160 ነጥብ ያለው ገጽ ከ8.2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ይይዛል፣ በሙሉ ቀለም 33 ሚሊዮን ባይት። ስለ አንዲት ሆሄ ሲል ገጹን በሙሉ እንደገና የሚሥል ፕሮግራም ያን ሁሉ ሸክም ያነሣል፤ «ሰላም» ሲጻፍ ደግሞ አምስት ጊዜ። አንድ ሙከራ ግን ከሁሉም ይቀድማል፤ ያንኑ ያህል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በዚያው መስኮት መክፈት። እርሱም ከዘገየ የግዕዝ ፊደል ከክሱ ነጻ ነው። እንግሊዝኛው ፈጥኖ አማርኛው ብቻ ከዘገየ፣ በቅንብሩ ላይ የግዕዝ ፎንት በስሙ ጠርቶ በፊት መስመር ማኖር ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ስም መጥራቱም የራሱ ታሪክ አለው። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ለሕዝብ ሲሸጥ «ኛላ» የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ ወጣ፤ ሌላ ነገር ሳይጫን አማርኛን በዩኒኮድ ማንበብ የተቻለው በእርሱ ነው። ለዓመታት በሺህ የሚቆጠሩ ሰነዶች የእርሱን ስም ይዘው ተጻፉ። በዊንዶውስ 10 ግን ኛላ ከመደበኛው ጓዝ ወጥቶ ለፈለገ ብቻ የሚጫን ተጨማሪ ሆነ፤ ግዕዙን የሚያሳየው «ኤብሪማ» የተባለ ሌላ ፎንት ነው። በቪስታ የተጻፈ ደብዳቤ በአዲሱ ማሽን ላይ ሲከፈት ፕሮግራሙ ኛላን ይጠራል፤ ኛላ የለም፤ ከዚያ ወደ ፍለጋው ይገባል።